በሳይላስ ኩባያ

ሴድሪክ ብሮምሊ የገጠር መጠጥ ቤት ሲመዝን አይቸኩልም። ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ያዝዝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ጥራቱን ያያል። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍ ማጠቢያ ነው፤ ሁለተኛው ያታልላል፤ እውነቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። የትምህርት ቤት ማሞቂያ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ለአውራጃው የቢራ ወዳጆች ማኅበር አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶችን እንዲህ መዝኗል። ሚስትም ልጅም የለውም። ሰው እሱን የሚያውቀው በቀማሽ ምላሱ ነው።

ያ ምላስ በጥር ጉንፋን ሞተ። ቢራውም ውሃውም አንድ ሆነበት። ለማንም ሳይናገር፣ በአረፋውና በመልኩ እየገመተ ነጥብ መስጠቱን ቀጠለ። ቢታወቅበት ማኅበሩ ነጥብ የሚጽፍበትን ደብተር ይነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚቀረው አያውቅም።

ኅዳር ላይ፣ ጭጋግ ባፈነው ቀትር፣ በእንግሊዝ አገር፣ በሽሮፕሺር ኮረብቶች መሃል ወዳለው «ሦስቱ ቁራዎች» መጠጥ ቤት ገባ። ከባንኮኒው በላይ የደንበኞች የብረት ኩባያዎች ተሰቅለዋል። የሞተ ሰው ኩባያ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰቀላል፤ ማንም አይጠጣበትም።

ባለቤቷ ዊኒፍሬድ በብርጭቆ ቀዳችለት። ሦስት ጊዜ ተጎነጨ። ምንም የለም።

«ምላስዎ አይቀምስልዎትም፣ አይደል?» አለችው ቀስ ብላ።

ሊክድ አስቦ አፉ እምቢ አለው። ምድጃው ጥግ ከውሻው ጋር የተቀመጠ ሽማግሌ፣ «ለካ በማኅበሩ ዝርዝር ለዚያ ለታችኛው መንደር እጣቢ ቢራ አራት ነጥብ የሰጡት ወደው አይደለም» ብሎ አላገጠ።

ዊኒፍሬድ አልሳቀችም። ፊታቸውን ካዞሩት ኩባያዎች አንዱን አውርዳ ከዚያው በርሜል ቀዳችበት። የበግ ጠጉር ሸላቹ የሳይላስ ኩባያ እንደነበረ፣ ምላሱም ተሳስቶ እንደማያውቅ ነገረችው።

ሴድሪክ ተጎነጨ። የብቅሉ ጣፋጭነት መጣ፤ ተከትሎት ምሬቱ፤ ከሥር ደግሞ የበሰለ ፖም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሁለተኛው ትምባሆ ቀመሰ፤ በዕድሜው አጭሶ አያውቅም። በሦስተኛው ጣቶቹ የበግ ጠጉር ቅባት የነካቸው ይመስል ለሰለሱ። ወደ ጥጉ ዞረና፣

«አንተ ፐርሲ፣ ያ ጉልበትህ ዛሬም ይጠዘጥዝሃል?» አለ።

ሽማግሌው ሳቁን ዋጠ። ስሙን ለእንግዳው የነገረው አልነበረም። ውሻው ተነስቶ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ አገጩን ሴድሪክ ጭን ላይ አሳረፈ።

«ይጨርሱት» አለች ዊኒፍሬድ። «ከጨረሱት ምላሱ የእርስዎ ነው። በምትኩ ምን እንደሚሄድብዎት ግን አላውቅም።»

ኩባያው ውስጥ ገና ግማሹ ቀርቶ ነበር። ሴድሪክ የእናቱን ቤት በር ቀለም ሊያስታውስ ሞከረ፤ የመጣለት አይቶት የማያውቀው የበግ ጋጣ ነው። ኩባያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ደብተሩን ገልጦ፣ በነጥቡ ቦታ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የቀመስኩት እኔ አይደለሁም። ከጥር ወዲህ የሰጠሁት ሁሉ ይሰረዝ። ሌላ ሰው ላኩ።» ፈረመ፤ ፊርማው የራሱ መሆኑንም ሁለት ጊዜ አየ።

ዊኒፍሬድ የተረፈውን ልትደፋ ኩባያውን ዘቀዘቀችው። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

«ሳይላስ አስተርፎ አያውቅም» አለ ፐርሲ፣ ከሴድሪክ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ።