የመኪናዋ ፊት ወዴት ነው?

በጋምቤላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ በረዳት መካኒክነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የጋራዡ ኃላፊ አቶ ሐሰን ከአንዲት ነጭ ፒክአፕ ፊት ለፊት አቆሙኝና «የግራውን መብራት ፍታ» አሉኝ። ካቻቢቴ አነሣሁና በግራ እጄ በኩል ያለውን ፈታሁ።

«አንተ፣ ጎሬ ነው የተማርከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እዚያ ግራ የለም እንዴ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሣቀ። አቶ ሐሰን ክንዴን ይዘው የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «የአንተን ግራ ማን ጠየቀህ? የመኪናዋን ነው ያልኩህ። በዚህ ሥራ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ የሚለካው ከዚህ ወንበር ነው።» ቃላቸውን በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ደብተሩ ዛሬም አለ።

በዓመታት ውስጥ ከረዳትነት ወደ ዋና መካኒክነት ከፍ አልኩ። በጋራዡ ውስጥ የጥገና መመሪያውን ገልጦ የሚያነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ባልደረቦቼ «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ነበር። ቅጽል ስሙን አልጠላሁትም።

የነጯ ፒክአፕ ሹፌር ኡጁሉ ይባላል። አኙዋ ነው፤ የአቦቦ ልጅ። ጠዋት ኮፋኖ ከፍቶ ውሃና ዘይት ሳያይ ቁልፍ አያዞርም። ሌሎቹ ሹፌሮች «ኡጁሉ መኪናዋን ቁርስ ያበላል» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

አንድ ቀን የፒክአፕዋ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። ጓርኒሲዮን በሞተሩ አካልና በላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል የሚገባ ስስ ገበታ ነው፤ ውሃውን፣ ዘይቱንና እሳቱን ለያይቶ የሚይዝ እርሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወደ ጋራዡ መጡና «ነገ ማለዳ ጎሬ ስብሰባ አለኝ፤ መኪናዋ ትድረስልኝ» አሉ። «ትደርሳለች» አልኩ። አዲሱን ጓርኒሲዮን አስገባሁ፣ ቴስታታውን ጫንኩ፣ ቡሎኖቹን በመመሪያው ቅደም ተከተል አጠበቅሁ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ።

በማግስቱ ኡጁሉ ኃላፊውን ይዞ በጎሬ መንገድ የቡሬን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ነዶ ቀጥ አለ። መኪናዋ ተጎትታ ተመለሰች። ጉዳዩን የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የቴክኒክ አባሉ እኔ ነበርኩ። ራዲያተሩ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ኡጁሉ «ከግቢ ሳልወጣ አይቻለሁ፤ ሞልቶ ነበር» አለ። የሚያምነው አላገኘም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ሹፌሩ ውሃ ሳይሞላ በመነሣቱ» ተብሎ ተጻፈ።

ራዲያተር ውሃ ሳይሞላ ሲቀርም፣ ሞልቶ ሲፈላና ተንኖ ሲያልቅም ባዶ ይሆናል። ይህን አውቅ ነበር። ቴስታታው ይከፈት ብል ይከፈት ነበር። አላልኩም። ፈረምኩ።

ኡጁሉ ከሹፌርነት ወደ ጥበቃ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ፒክአፕዋም ሳትከፈት ግቢው ጥግ ኒም ዛፍ ሥር ቀረች፤ በጭነት አልጋዋ ላይ ሣር በቀለ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ገዛኋትና በቤቴ ጓሮ በሠራሁት የቆርቆሮ ጥላ ሥር አስገባኋት። ለምን ገዛሃት ለሚሉኝ «ሥራ ፈትቼ ነው» እል ነበር። ኡጁሉም በተራው ጡረታ ወጥቶ ስለነበር ወሬውን ሰምቶ መጣ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና መኪናዋን ለረጅም ጊዜ አያት።

«ደገኛ፣ ይቺን ሬሳ ምን ልታደርጋት ነው?»

«ላስነሣት።»

«የሞተ የሚያስነሣ ፓስተር ነው። አንተ መካኒክ ነህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣ ነበር። እኔ የዛገውን ወለል ቆርጬ አዲስ ላሜራ ስበይድ፣ ከሥሯ ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራ አውርጄ የተሰበረውን የብረት ቅጠል ስለውጥ፣ እርሱ የፈታኋቸውን ቡሎኖች በናፍጣ እያጠበ በጣሳ ይለያል። አንድ ጠዋት ቀና ሳይል ተናገረ።

«ያን ቀን ውሃ ያየሁ ይመስለኛል። ግን ሰው ሁሉ አላየህም ሲል፣ ምናልባት ያየሁት በሌላ ቀን ይሆናል አልኩ። አሁን እኔም አላውቅም።»

መፍቻ ፍለጋ ጀርባዬን ሰጠሁት።

በማግስቱ እርሱ ሳይደርስ ቴስታታውን አነሣሁ። ጓርኒሲዮኑ የፊት ምልክት አለው። ምልክቱ መሆን የነበረበት በራዲያተሩ በኩል ነው፤ ያገኘሁት ግን በሹፌሩ ክፍል በኩል ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይገጥማሉ። የውሃ መተላለፊያዎቹ ግን ፊትና ኋላው ሲዞር ይደፈናሉ። ያን ዕለት በራዲያተሩ በኩል ቆሜ፣ በሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሠራው። ከፊቴ የነበረው የመኪናዋ ኋላ ነበር። ፊት ያልኩት የራሴን ፊት ነው።

ስሱን ገበታ አጥፎ ወደ ቆሻሻ መጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ባለበት ተውኩት። ኡጁሉ ሲመጣ ጠራሁት።

«የመኪናዋ ፊት ወዴት ነው?»

«ምን ሆነሃል? ወደዚያ ነዋ» አለና ራዲያተሩን አሳየኝ።

«ይህ ምልክት ወደዚያ መሆን ነበረበት። እኔ ወደዚህ አዙሬ ገጠምኩት። ውሃው አልዞረም፤ ፈልቶ አለቀ።»

ጎንበስ ብሎ ምልክቱን በጣቱ ነካው።

«ውሃ ነበረው?»

«ነበረው።»

«ሞልቶ?»

«ሞልቶ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁን አጥፎ ጎማው ላይ አስቀመጠና ሄደ። አራት ቀን አልመጣም። በአምስተኛው ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ለእኔ በአፍ ነገርከኝ። እነሱ ግን በወረቀት ነው የጻፉብኝ። አንተም ፈርመሃል። በወረቀት መልስ።»

ጻፍኩ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ ቴስታታው እንዲከፈት አለመጠየቄንና ሹፌሩ ግዴታውን መፈጸሙን ገለጽኩ። ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ሳቀርበው ወጣቷ ሠራተኛ አንብባ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይህ ጉዳይ እኮ ድሮ ተዘግቷል።»

«ከማኅደሩ ጋር ይያያዝ» አልኳት።

በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመትቼ ለኡጁሉ ወሰድኩለት። ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም በሸሚዙ ኪስ አስገባው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጎማው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ከማስገባቴ በፊት ኡጁሉ ከእጄ ወሰደውና በሩን ከፍቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምልክቱን ወደ ራዲያተሩ ቀስሮ «ፕሮፌሰር፣ እንዲህ ነው» አለኝ። እንዳለው ገጠምኩት።

ሞተሩ የተነሣ ሰሞን ወደ ቡሬ ልንወጣ ተስማማን። ቁልፉን ሰጠሁት። ኮፋኖውን ከፈተና ውሃውን አየ። «አንተም እይ» አለኝ። አየሁ፤ ሞልቷል።

በዳገቱ ላይ ከመንገዱ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን የሚያይበት ጊዜ ይበዛ ነበር። መርፌው ከመሃል አልተነቃነቀም። ያኔ ሞተሩ የቆመበት መጠምዘዣ ላይ ስንደርስ በእጁ አመለከተኝ፤ ማርሽ ቀነሰና ሳይቆም አለፈ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምተወው አዲስ ነገር የለኝም፤ ያለኝ አቶ ሐሰን በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ነው። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ የሚለካው ከሹፌሩ ወንበር ነው።