ስግደት የተማርኩበት ምንጣፍ

ወገቤን ያመመኝ በአንድ ቀን አይደለም። ጊንጪ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ጎንበስ ቀና ነው። አምቦን ገና በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ብለው የሚጠሩት አሮጌ ፋይሎች ደግሞ ምንጊዜም ታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። በመጀመሪያ ወገቤ የሚያጉረመርመው ማታ ማታ ብቻ ነበር። በኋላ ጠዋት ካልሲዬን ለማድረግ ባለቤቴን እርዳታ እስከመጠየቅ ደረስኩ። ወጌሻ አሸኝ፣ አምቦ ፍልውሃ ተዘፈዘፍኩ፣ መርፌ ተወጋሁ። የሁሉም ደግነት ከሳምንት አያልፍም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የስቅለትን ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ኪርያላይሶን እያለ ሲወድቅ ሲነሳ፣ እኔ ከአቅመ ደካሞች ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፌ እቀመጣለሁ። የነፍስ አባቴ «አንተ በልብህ ስገድ» ብለው ፈቅደውልኛል። ፈቃዱ ግን ከወገቤ ይብስ ያመኝ ነበር። ገና ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ አምስት ስቅለት ተቀምጬ አሳለፍኩ፣ አምስቱንም ተናድጄ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም አምቦ ወዳለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ሽቦ የበዛበት መሣሪያ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ያገኘሁት ወለል ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ ምንጣፍና የልጄ እኩያ የሆነች ባለሙያ ነው። ለዚህ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። እሷ ግን ወገቤን ከነካካችና ካስጎነበሰችኝ በኋላ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ማድረግ ነው የናፈቀዎት?»

«መስገድ» አልኳት።

ጴንጤ መሆኗን አልደበቀችኝም፤ እነሱ ቤት እንደዚያ እንደማይሰገድ ነግራኝ፣ እንዴት እንደምሰግድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ስልኬንም ተቀብላ ቀረጸችኝ። ከዚያ ያሳየችኝን አልረሳውም። ሰው የገዛ ጀርባውን የት አይቶት ያውቃል? ጉልበቴን ገትሬ፣ ጀርባዬን እንደ ማጭድ አጉብጬ እወርዳለሁ፤ ስነሳም መላ ሰውነቴን በወገቤ ብቻ ጎትቼ ነው የማነሳው። ፋይል የማነሳውም ልክ እንደዚሁ ነው! ወገቤ እንዳልተሰበረ፣ የደከመና የፈራ እንደሆነ፣ ቀስ በቀስ ቢሠራ እንደሚጠነክር ስታስረዳኝ ልቤ ዘለለች። ዓመታት የፈለግኩትን ሌባ በስልክ ያየሁት መሰለኝ።

ሦስት ነገር ሰጠችኝ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሳት፤ በእጅና በጉልበት ቆሞ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር መዘርጋት፤ ዱላ ጀርባ ላይ አስደግፎ ከዳሌ መጎንበስ። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ቤት ዱላ ስላጣሁ መቋሚያዬን አነሳሁ፤ ባለቤቴ ተቆጥታ የመጥረጊያ እንጨት ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። አሥር ምን ያህል ነው? አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን እያለ ላደገ ሰው አሥር አፍ ማሟሻ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ሁሉንም አርባ አንድ፣ አርባ አንድ ጊዜ ሠራሁ። ሲያመኝ ደስ አለኝ፤ ያላመመ ነገር ዋጋ አለው ብዬ አላምንም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ባለቤቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ሾርባ አመጣችልኝ።

ቀጠሮዬ ሲደርስ ታባርረኛለች ብዬ እየፈራሁ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ንስሐ አይደለም። ሰውነትዎን አይቅጡት፤ ያለማምዱት። ሱታ፣ ሱታ።»

አፌን በኦሮምኛ የፈታሁ ሰው ነኝና ቀስ በል መባሉ በዚያ ቋንቋ ሲሆን ይበልጥ ገባኝ። ከስድስት ጀመርን፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየጨመርን።

በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ አንድ ወፍራም ፋይል ፈለግኩ። ዳሌዬን ወደኋላ ገፋሁ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ አነሳሁት፣ ቆምኩ። ምንም! መልሼ አስቀመጥኩና እንደገና አነሳሁት። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ስደግም የሥራ ባልደረባዬ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀችኝ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ስግደት ተማርኩ። የማትሰግደው ልጅ እኔ ፊት ምንጣፉ ላይ ወርዳ አሳየችኝ፦ አንድ እግር ወደኋላ፣ ጉልበት መሬት፣ እጅ፣ ከዚያ ግንባር። ስትነሳም በጭኗ ገፍታ፣ እየተነፈሰች። አብሬያት ወረድኩ፣ አብሬያት ተነሳሁ። ሲደክመኝ ቆሜ እንድንሸራሸር፣ ሲሻለኝ እንድቀጥል አስጠነቀቀችኝ። ጊንጪ እስክገባ ፊቴ ፈገግታውን አልለቀቀም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሎተሪ የደረሰኝ ሳይመስለው አልቀረም።

ስቅለት ደረሰ። ግንቡ ሥር ወዳለው ቦታዬ አልሄድኩም፤ መሐል ገባሁ። ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ሲደክመኝ በግቢው ዞር ዞር ብዬ ተመለስኩ። ወገቤ ይሰማኛል፤ ግን እንደሠራ ሰው ወገብ ነው የሚሰማኝ።

አመሻሽ ላይ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው በምእመኑ መሐል መዞር ጀመሩ። ባህሉ ነው፤ ጀርባህን በቅጠሉ መታ መታ ያደርጉና እንደ ኃጢአትህ የምትሰግደውን ቁጥር ያዝዙሃል። የነፍስ አባቴ ባለፉት ዓመታት ትከሻዬን በቅጠሉ ዳሰስ አድርገው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ያልፉኝ ነበር፤ ለበሽተኛ የሚባለው ነው። ዘንድሮ ፊቴ ቆሙ። ላብ ያጠመቀውን ነጠላዬን፣ አፈር የነካውን ግንባሬን አዩ። ጎንበስ አልኩላቸው። ወገቤ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፉብኝ፤ ሁለተኛው ደህና አድርጎ ለበለበኝ።

«ስልሳ» አሉኝና አለፉ።

የኃጢአቴ መብዛት እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። አንዱን እግሬን ወደኋላ ሰድጄ፣ አንድ ብዬ ጀመርኩ።