ሊቀመንበሯን ልቀቁልን

ይህ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ ተቋርጦ የነበረው በረራ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው። አንድ ሰው ስለ «ጠንካራ አመራር» ማውራት በጀመረ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም እንደ አዲስ እበሳጫለሁ።

ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ብዙ ማህበራት ዘግቤያለሁ፤ ምሥረታቸውን ከነፎቶው፣ መፍረሳቸውን በአጭር ዜና። በዚህ የተነሳ ይመስለኛል፣ ዱባይ አጠገብ ሻርጃና አጅማን ያሉ ወገኖቻችን ያቋቋሙት የመረዳጃ ማህበር ሊቀመንበር አሠራራቸውን እንዳስተካክልላቸው የጠየቀችኝ።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። ቀን ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ሰፈር ባለ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ማታ ሻርጃ አል ተዓውን ወዳለው ቢድ ስፔሷ፣ በጋራ ክፍል ወደተከራየቻት አልጋ፣ ስትመለስ ደግሞ የማህበሩ ስልክ ይጮሃል። ከሥራ የተቀነሰው፣ ማዳም ያባረረቻት፣ ኮሮና ይዞት ክፍል የተዘጋበት ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው። ሩዝና ዘይት የምትገዛው፣ መኪና ያለው ሰው ለምና የምታስጭነው፣ የታመመውን ከሐኪም የምታገናኘው እሷው ናት። ሌሎቹ ያዋጣሉ፤ ያመሰግኗታል።

«ጋሼ፣ ማህበሩ ያለ እኔ እንዲቆም አድርግልኝ» አለችኝ። «ኒካሄ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል።»

እጮኛዋ ጀማል ኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያውን ያራዘመው ኮሮና ነው። ሁለተኛውን ያራዘመው ማህበሩ ነው፤ «ረመዳን እስኪያልፍ» ብለው ለመኗት፣ ቀረች። የጀማል አባት ሐጂ ሰይድ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «ማህበሩ አግብቷት ከሆነ ይነገረንና እኛም ሌላ እንፈልግ» ማለት ጀምረዋል።

የዕረፍት ቀኖቼን ሰጥቼ አሠራሩን ጻፍኩ። ስልክ መቀበል፣ ግዢ፣ እደላና ሰብሳቢነት በአራት ሰው ይከፋፈል፤ እያንዳንዱ ምክትል ይኑረው፤ የሥራ ዘመንም ይወሰን አልኩ። ማህበር በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ከተጫነ ያ ሰው የወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል። ይህን የማውቀው ደጋግሜ ስለዘገብኩት ነው።

በዙም ተሰበሰብን። ባንክ የምትሠራው ሀያት፣ «በጣም ፕሮፌሽናል ነው» አለች። ሌሎቹም አመሰገኑኝ። አንዱ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜ እንዲሰጠኝ ዱዓ አደረገልኝ።

«እሺ፣ ስልኩን ማን ይይዛል?» አልኩ።

ጀበል አሊ መጋዘን የሚሠራው ዓሊ፣ «ሀያት ብትይዝ» አለ። ሀያት፣ «እኔ እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ነገር አልበቃም፣ ዓሊ ይሻላል» አለች። ግዢውንም፣ እደላውንም እንደዚሁ ተገባበዙት። ማንም እምቢ አላለም፤ ማንም ደግሞ እሺ አላለም።

በመጨረሻ ዓሊ፣ «ዋላሂ፣ እንነጋገር ከተባለ ዘይነባ ከሌለች እኛ ማን ነን? እሷው ትቀጥል!» አለ። ስክሪኑ በጭብጨባ ምልክት ተሞላ።

«ኒካሄስ?» አለች ዘይነባ።

«ኢንሻአላህ ይደርሳል፣ እህቴ። ኒካህ የትም አይሄድ።»

እንዲህ ተደርጎ፣ ልትለቅ የመጣችው ሴት በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። ያከበሯት መስሏቸው ነበር። ከክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ ባላጣሁ፤ ሁሉም ግን ከልቡ ይወዳታል።

ዘይነባ ተናድዳ ከማህበሩ የዋትሳፕ ግሩፕ ወጣች። ወዲያው መልሰው አስገቧት። አንዷ፣ «ኔትወርክ አስወጥቷት ነው» ብላ ጻፈች። ደግማ ወጣች፤ አሁንም አስገቧት። ዓሊ፣ «ሙሽኪላ የለም፣ ስልኳን ቀይሩላት» አለ። ለአዲስ ስልክ መዋጮ ጀመሩ።

ደወለችልኝ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተኝ። «ሐጂ ሰይድ ምን እንዳሉ ሰምተሃል? ሽማግሌ እንልካለን አሉ።»

«ቤተሰቦችሽ ጋ ተልኮ አልቆ የለ እንዴ?»

«ለማህበሩ ነዋ!»

ሰውዬው ይህን ያሉት በንዴት ነው። እኔ ግን የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። «ይላኩ» አልኩና የስብሰባውን ሊንክ ለጀማል ላክሁለት።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ብቅ አሉ። ስልኩ አለቦታው ስለተቀመጠ የሚታየን ሦስት ጥምጣምና ጣሪያው ብቻ ነበር። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ዋናው፣ «አፉ በሉን፣ ደፍረን መጣን። ልጃችንን ዘይነባን ልቀቁልን» አሉ።

ዓሊ ጎሮሮውን ጠረገ። «ተመካክረን እናሳውቃችኋለን።»

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ሥርዓቱ ነው። ግን የበረራ ቦታ ሥርዓት አይጠብቅም።

ሽማግሌው አልተነሡም። «ምከሩ፣ እንጠብቃለን። ኢንተርኔቱ እንደሆነ የልጁ ነው።»

ማይክ ሳይዘጉ መከሩ። «እምቢ ብንል ምን ይሉናል?» «ኧረ ማይኩን ዝጉት፣ ይሰማሉ!» ከዚያ ዓሊ የሙሽሪት አባት በሚመስል ድምፅ፣ «ሰጥተናል» አለ።

«አላህ ይስጥልን» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ነገር ግን እንጠይቅ። ከሰርጓ ማግስት ስልክ ተደውሎ ተመለሺ እንዳትባል። ሰው የላችሁም ሲባል ሰምተናል።»

«ሰው? እኛ?» ዓሊ ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ እኛ ጋ ሰው ሞልቷል! ስልኩ በእኔ ነው!»

«ግዢው በእኔ!» አለች ሀያት።

ከአጅማን፣ «እደላውን ለኛ ተዉት!» የሚል ድምፅ መጣ። ሰብሳቢነቱንም ዓሊ ደርቦ ወሰደ። ስለምንና ስጨቃጨቅ የከረምኩበት ጉዳይ በአማች ፊት ላለማፈር ሲባል ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርሴን ነከስኩ። ያንኑ ወረቀት እኮ ነው ያነበብኩላቸው!

ዘይነባ ካሜራዋን አጥፍታ ነበር። በጽሑፍ፣ «ጋሼ፣ ቲኬት ልቁረጥ?» አለችኝ።

«ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቁረጪ» ብዬ መለስኩ።

ሄደች። የኒካሁ ፎቶ ሲደርሰኝ አጉልቼ አየሁት፤ እጇ ላይ ሂና እንጂ ስልክ አልነበረም። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ማህበሩም አልፈረሰም። ለብስጭቴ ግን መድኃኒት አላገኘሁለትም።

በቅርቡ ዓሊ ደወለልኝ። ደክሞታል፤ ሊለቅ ቢጠይቅ አባላቱ አጨብጭበው መለሱት።

«የሥራ ዘመን የሚለውን አንቀጽ አጸደቃችሁት?» አልኩት።

«በጣም ቆንጆ አንቀጽ ነው ብለን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደርነው።»

ዓሊ ካገባ ቆይቷል፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። ማን ሽማግሌ ይላክለት?