አሥረኛው መደብ

የእግሬን አውራ ጣት ሪህ የያዘኝ በሁዳዴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋተኛው ሥጋ ነው ለሚሉኝ ሁሉ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከምስርና ከሽሮ በቀር በአፌ አልዞረም፤ አንድ ማለዳ ግን ጣቴ ቲማቲም መስሎ አገኘሁት። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝና "ቀይ ሥጋ ተው" አለኝ። ጾም ላይ ነኝ ብለውም አልገባውም። ሚስቴ ደግሞ የሰማችው "ተው" የሚለውን ብቻ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። በስደት አገር፣ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር የሰው መኪና እየተቀበልኩ አቆም ነበር፤ ስሮጥ የምውል ሰው ነኝ። እግሬ ሲታመም እንጀራዬ ነው የሚታመመው። ይህን ሚስቴም እኔም እናውቃለን። እኔ ግን ከሕመሙ ይልቅ የምጠላው ሲታዘንልኝ ነው።

ለፋሲካና ለመስቀል አሥር ሆነን ቅርጫ እንገባ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በሬ እንገዛለን፣ እዚያው እናርዳለን፣ ሥጋውን ላስቲክ ላይ አሥር ቦታ እንመድባለን። አገር ቤት ዕጣ የሚጣለው በእንጨት ወይም በቅጠል ነው፤ እኛ የመኪና ቁልፋችንን ነበር የምንሰጠው። የእርሻው ባለቤት ፈረንጅ የማን ቁልፍ የማን እንደሆነ ስለማያውቅ፣ በየመደቡ ላይ የሚያስቀምጥልን እሱ ነበር። ምን እንደምናደርግ ገብቶት አያውቅም፤ ግን ይወደው ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ቁልፌ ከተሰቀለበት ጠፋ። ሚስቴን ጠየቅኳት፤ ቀና ብላም አላየችኝ። እንደደበቀችው ገባኝ። ኪኒኔን ኪሴ ከትቼ፣ በነጠላ ጫማ እያነከስኩ ፌርፋክስ ጎዳና ወጣሁ። ከአሥራችን አንዱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ዘግይቶ ወደ እርሻው ሲሄድ አገኘሁትና ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ የገባኝ ስንደርስ ነው።

መደቡ ዘጠኝ ነበር። ቆጠርኩት፤ ደግሜ ቆጠርኩት።

"ጋሼ፣ የእኔስ?" አልኳቸው፣ ሁልጊዜ የሚመድቡልንን ትልቅ ሰው።

"ሚስትህ ደውላ ለመነችኝ። ሶ፣ ለአንተው ብለን ነው። ዶክተሩ ስቶፕ አድርግ ብሎህ የለም እንዴ?"

ንድድ አልኩ። "መብላት አለመብላቴ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ጋሼ። ሳይጠየቅ ከቅርጫ የሚወጣ የሞተ ሰው ነው። እኔ ሞቻለሁ?"

ጋሼ ቢላዋቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው መደብ ቆረጡ። ከሁለተኛውም ቆረጡ። ከዘጠኙም ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከጉበቱ እየቀነሱ አሥረኛውን ሠሩ። ከተቀነሰባቸው አንድም ያጉረመረመ የለም፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

"በል ዕጣህን አምጣ" አሉኝ።

ቁልፍ የለኝም። ኪሴ ውስጥ ያለው የኪኒኑ ብልቃጥ ብቻ ነው። አወጣሁና ከቁልፎቹ ጋር ጨመርኩት። መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው። ፈረንጁ ብልቃጡን አገላብጦ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ መደብ ላይ አስቀመጠው። ከዚያው ከደረሰኝ ላይ አንድ ቁራጭ ቀይ ሥጋ ቆርጬ፣ በሚጥሚጣ አጥቅሼ፣ ሁሉም እያዩኝ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ሦስት ቀን ተኛሁ። አልዋሽም፤ አልቅሻለሁ። ሚስቴ "ይበልህ!" አለችኝ፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ጣቴ ላይ የምትይዝልኝም እሷው ነበረች።

"ሕመሙን እችለዋለሁ" አልኳት። "አንቺ ግን ከሰው ተራ ነው ያስወጣሽኝ።"

በረዶው ሲቀልጥ ሌላ አመጣች።

ለመስቀል ጋሼ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። "አዎ ጋሼ፣ አሥር ናችሁ" ስትል ሰማኋት። የበዓሉ ጠዋት በአንድ እጇ ቁልፌን፣ በሌላው ብልቃጡን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዕጣህን በቁልፍህ ጣል" አለችኝ። "ኪኒኑን ግን እዚሁ፣ እያየሁህ ዋጠው።"

ዋጥኩት፤ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።