ለፎቶ የተከፈተው ቦኖ

የዚያን ዕለት ጠዋት ቦኖው ጋ ስደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ቆመው ነበር። ቧንቧው በሰንሰለት ታስሯል። ያሰረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ምክንያቱን እንድነግራቸው የተላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ...

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ሶዶ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሹማችን ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ ወላይትኛ አይሰሙም። ስለዚህ ለሕዝቡ የሚነገር ደስ የማይል ነገር ሲኖር ሁልጊዜ የምላከው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኝ ነበር።

ያን ሰሞን ፈረንጆች የአባያን ሐይቅ ለማየት በእኛ በኩል ማለፍ ጀምረዋል። ሹሙም ከከተማው ከፍ ብሎ፣ ሐይቁ ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አሠሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እንግዳ ከወደደን መንገዱም ይሠራልናል፣ መብራቱም ይገባልናል» ይሉ ነበር፤ ከልባቸው ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር የሚመጣው አንድ ቧንቧ ብቻ ነው፣ በበጋ ደግሞ ይቀጥናል። ለማረፊያውም ለቦኖውም አይበቃም። ሹሙ ለማረፊያው ፈረዱ።

ይህንኑ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። መልስ የሰጡኝ ወይዘሮ ባሎቴ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ የልጃቸው ሚስት ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም።

«ውሃው ለማን ነው ልጄ?»

«ለእንግዶች ነው እማማ።»

«የታሉ?»

«ገና መንገድ ላይ ናቸው። ከሰዓት ይደርሳሉ።»

«እንግዲህ ገና ያልደረሰ ሰው ከአራስ ቀድሞ ተጠማ በለኛ» አሉና እንስራቸውን አዝለው ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄዱ። ወንዙ ሩቅ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ዳገት ነው። በዚያ ዕድሜ...

ቢሮ ተመልሼ ለሹሙ ነገርኳቸው። አራስ አለች፣ ነገ ገበያ ነው፣ ከየገጠሩ ሰው ይገባል፣ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ይከፈት አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እሳቸውም ደክሟቸዋል።

«ፈረንጅ ገላውን ሳይታጠብ ከሄደ ሁለተኛ አይመለስም» አሉኝ። «ሕዝቡ ግን የትም አይሄድም።»

ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ላንድሮቨር አቧራ ለብሶ ገባ። በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ፈረንጆች ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ወረዱ። ሹሙ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀበሏቸው። መኝታውን አሳዩ፣ መታጠቢያ ቤቱን አሳዩ፣ ቧንቧውን ከፍተው ውሃው ሲወርድ አሳዩ። ሴትዮዋ አየት አደረገችና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረችው።

«ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ ትላለች» አለ አስተርጓሚው። «የከተማው ሰው የሚቀዳው የት ነው?»

የሹሙ ፊት ተለዋወጠ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሩጥና ሰንሰለቱን አስፈታ። ጥቂት ሴቶችም ጥራ። እኛ ቀስ ብለን እንደርሳለን።»

አልሮጥኩም። ለመሮጥ ጉልበቱም ልቡም አልነበረኝም። ሰንሰለቱን አስፈትቼ ሰፈር ስገባ ወይዘሮ ባሎቴ ከወንዝ ተመልሰው ደጃቸው ላይ እግራቸውን ያሻሉ። ፈረንጆቹ ቦኖው ጋ ፎቶ ሊያነሷችሁ ነው አልኳቸው። እግራቸውን ማሸት ተዉና ቀና አሉ።

«ውሃው እውነት ይወርዳል? ወይስ ቆመን ብቻ ነው?»

«ይወርዳል» አልኩ።

እሳቸውና ጥቂት ጎረቤቶች መጡ። እንግዶቹም ደረሱ። ውሃው እንስራ ውስጥ መንቆርቆር ሲጀምር ሴትዮዋ ካሜራዋን አወጣች። ሹሙ አጠገቤ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ያኔ ነው ለሴቶቹ በወላይትኛ ጮክ ብዬ የተናገርኩት። እንግዶቹ እዚህ እስካሉ ድረስ ማንም አይዘጋውም፣ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ አምጡ፣ ጎረቤትም ጥሩ አልኳቸው።

«ምን አልካቸው?» አሉኝ ሹሙ።

«ጨዋ ሁኑ አልኳቸው፣ ጌታዬ።»

ብዙም ሳይቆይ ሰው ከየጓሮው መውጣት ጀመረ። እንስራ፣ ማሰሮ፣ የዘይት ቆርቆሮ... አንዷማ ሕፃን የምታጥብበትን ገበቴ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ በደስታ ፊልም ትቀይራለች። ሹሙ አንዴ ቦኖውን፣ አንዴ ከላይ ያለውን ማረፊያ ያያሉ። ቦኖው ሲከፈት ወደ ላይ የሚወጣው ውሃ ይቆማል፤ የማረፊያው ማጠራቀሚያ ደግሞ ገና ጥቂት ነው የያዘው። ግን በእንግዳ ፊት ምን ይበሉ? ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀዳ።

እንግዶቹ አመሻሽ ላይ ቧንቧቸውን ሲከፍቱ ጠብ አላለም። ሹሙ ውሃ ፈልግ ብለው ላኩኝ። ሌላ የት እሄዳለሁ... ወይዘሮ ባሎቴ ጋ ሄድኩ። ከእንስራቸው አንድ ባልዲ ሞልተው ሰጡኝ።

«ይታጠቡ» አሉ። «እነሱ ምን አጠፉ።»

ጠዋት ሲሄዱ ሴትዮዋ በመንገዷ ካየችው ሁሉ የሶዶ ቦኖ እንደበለጠባት ለሹሙ ነገረቻቸው። እኔ እባረራለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሹሙ ቢሮ ጠሩኝ። ቁጣ አልነበራቸውም፣ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል።

«ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ቦኖው ይከፈት» አሉኝ።

«እንግዳ በሌለ ጊዜስ፣ ጌታዬ?»

«በሌለ ጊዜማ ማጠራቀሚያው መሙላት አለበት።»

ሰንሰለቱን መልሼ ያሳሰርኩት እኔው ነኝ። ያ በጋ እንዲሁ አለፈ። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ውሃ መጠየቁን ተዉት...

«ፎቶ አንሺዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብቻ ነበር የሚሉኝ።