የጥላዬን ጀርባ ስናይ እግሩን ማን አየ

አላምንም። ጠዋት የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ስከፍት የደወለልኝን ሰውዬ «ሟርተኛ!» ብዬ ዘጋሁበት። ሌላ ሰው ደወለ፣ እሱንም ዘጋሁበት። በመጨረሻ የማህበራችን ቄስ አባ ራሳቸው ደወሉ። አባ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልዱም።

ጥላዬ ሞቷል። የመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ሹፌሩ፣ የማርያም ማህበራችን ሳቅ፣ ቦርጩ ከመሪው ጋር ሲጣላ የኖረው ጥላዬ። ንጋት ላይ ደሴ ሆስፒታል አረፈ፣ ከሰዓት እዚሁ መርሳ ቀበርነው።

ለዚህ ፖስት ፎቶውን ስፈልግ ስልኬ ውስጥ ያለው ጀርባው ብቻ ሆነ። ጀርባ፣ ጀርባ፣ አሁንም ጀርባ። ባለቤቴ አይቶ «ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ጀርባ ስታነሺ ነበር?» አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥላዬ ገላ በጥቋቁር ምልክት የተሞላ ነው። እናቱ «ማርያም የሳመችው» ይሉታል፣ እሱም «እኔንማ ስማ አልጠግብ አለች» እያለ ይኩራራል። አንድ ጊዜ ትከሻውን አሞት ደሴ ሄደ። ሐኪሟ ሸሚዙን ስታስወልቀው ትከሻውን እርስት አደረገችው። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፣ ጠርዛቸው የተዛነፈ፣ ቀለማቸው የተደበላለቀ። «አብዛኞቹ ዕድሜህን ሙሉ ምንም አይሉህም። ግን እንዲህ ዓይነቱ የበዛበትን ሰው ከሌላው ይበልጥ የቆዳ ካንሰር ያሰጋዋል» አለችው። አዲስ ከወጣ፣ ከሰፋ፣ ቀለሙን ከለወጠ ወይ ከደማ ቶሎ ና። በየወሩ ሰው ይይህ። ጀርባህን ብቻ ሳይሆን መዳፍህን፣ የውስጥ እግርህን፣ ጥፍርህንም።

ሚስት የለው። በየወሩ የሚያየው ሰው ከየት ይምጣ? ማህበሩ አለለታ!

በየወሩ በሃያ አንድ፣ ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከዞረ በኋላ፣ ጥላዬ ብድግ ብሎ ሸሚዙን ይገልባል። «በሉ፣ መንገዱ ይታይ!» እኔም ከወር ወር ለማስተያየት በስልኬ አነሳዋለሁ።

መንገድ ያለው ጀርባውን ነው። ከአንገቱ ሥር ያለችው ትልቋ ምልክት ወልድያ ናት፣ ዝቅ ብላ ሲሪንቃ፣ ከዚያ መርሳ፣ ወገቡ ላይ ውርጌሳ።

«ሲሪንቃ አልሰፋችም?» ይላል ጥላዬ።

«ኧረ አንተ ነህ የሰፋኸው!»

«አባ፣ አንቱ ይዩልኝ፣ እነዚህ ያላግጣሉ።»

አባ መነጽራቸውን አጥልቀው ረጋ ብለው ያዩና «ልጄ፣ ውርጌሳ ደህና ናት። መርሳን ግን ታጠባት፣ የመኪና ግራሶ ነው» ይሉታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወር ሲሪንቃ ቀለሟን ለወጠች፣ እየጎተትን ወሰድነው፣ ተቆርጣ ተመረመረች፣ ደህና ሆና ተገኘች። በሚቀጥለው ማህበር «ሲሪንቃ ወራጅ የለም፣ በቀጥታ መርሳ!» ብሎ ጠባሳውን አሳየን።

እግሩስ? «እግሬንማ እኔው አየዋለሁ» ይላል። በምን ዐይኑ! ከቦርጩ ወዲያ ያለውን አገር ካየ ስንት ዘመኑ! ተረከዙ ሥር ጥቁር ነገር ወጥቶ ሲሰፋ ከርሟል። ማነከስ ሲጀምር «ፍሬኑ ጠንክሮብኝ ነው» ብሎ ከእኔ ሱቅ የፍሬን ሸራ ገዝቶ ሄደ። መኪናውን አሠራ፣ እግሩን ተወው። ብሽሽቱ አብጦ ሐኪሟ ዘንድ ሲደርስ ካልሲውን አስወለቀችው። አይታ «ካንሰር ነው፣ ወደ ብሽሽትህም ሄዷል፣ ዘግይተሃል» አለችው አሉ። ጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያው ውስጥ እግር ላይ መሆኑን ነግራው ነበር እኮ!

ተናድጃለሁ። ጥላዬ፣ ባገኝህ በጥፊ ነበር የምልህ።

ሐኪሟ ወንድሙ ይመርም ይታይ ብላ ነበር። ያው አንድ ቆዳ ነው፣ እሱም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ምልክት በምልክት ነው። ዛሬ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ብጠይቀው «ሠልስቱ ይለፍና» አለኝ። ሠልስቱ ሲያልፍ አርባው ይለፍ ይላል፣ አርባው ሲያልፍ ሙት ዓመቱ። የጥላዬ ወንድም አይደል!

አባ ይሄን ሰምተው ከተቀመጡበት ተነሡ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ይመር እግር ሥር ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«አባ፣ ኧረ በሰው ፊት፣ አንቱ ደግሞ...»

«አውልቅ አልኩህ።»

አወለቀ። አባ በስልክ መብራት ቀኙን አዩ፣ ግራውን አዩ። ግራው ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አለች። ይመር መቼ እንደወጣች አያውቅም። ድንኳኑ ሁሉ ተጠጋ፣ አልቃሿ ሳትቀር አንገቷን አሰገገች።

እዚያው ሆነን ለሐኪሟ ደወልንላት። ምልክቷ ክፉ ትሁን ደህና ቆርጣ ሳትመረምር አታውቅም። የምትቀበለን ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው።

ከነገ ወዲያ ደግሞ ሠልስትህ ነው፣ ጥላዬ። አባም፣ ይመርም፣ እኔም አንገኝም። አገር ያሻውን ይበል፣ ወንድምህን ይዘን ደሴ እንሄዳለን። ደህና ሁን የኔ ወንድም፣ እንዳትቀየመን።