ሰርክአዲስና ድንች መራጩ ማሽን

ሰርክአዲስ በአዊ የጥርባ ገበሬ ልጅ ናት። እንጅባራ ላይ እኔ በማስተምርበት የቴክኒክ ኮሌጅ ሜካትሮኒክስ ስትማር ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአፏ የሰማሁት ቃል ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ ደግሞ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ዝምታ ያናድደኛል። «አንቺ ልጅ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!» ስላት ፈገግ ብላ ወደ ሽቦዋ ትመለሳለች።

እጇ ግን ሌላ ነው። ሞተር እምቢ ሲላቸው ሌሎቹ ተማሪዎች መጀመሪያ ሞተሩን ይሰድባሉ። እሷ ካቻቢቴዋን አንስታ ክዳኑን ትከፍትና ችግሩን ሳታገኝ ቀና አትልም።

አምና ለብቃት ምዘና ቀርባ ወደቀች። ሥራው ጠፍቷት አይደለም፤ የዚያን ጊዜው መዛኝ «በይ አስረጂኝ» ሲላት ድምፅ አጣች። ዘንድሮ ሁለተኛ ሙከራዋ ነበር። ካለፈች አንድ የዱቄት ፋብሪካ በጥገና ክፍሉ ሊቀጥራት ቃል ገብቷል፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከእሷ ይልቅ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ለምዘናው የሠራችው ድንች መራጭ ማሽን ነው። ንድፉን የሰጠኋት እኔ ስሆን፣ ቀበቶውን የምታዞርበትን ሞተር ከተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን የፈታችው እሷ ናት። ድንቹ በቀበቶው ላይ ይመጣል፤ የብርሃን ሴንሰሩ ትልቁን ያሳልፋል፤ ትንሽ ሲሆን ግን በአየር ግፊት የሚሠራ ክንድ ገፍቶ ወደ ጎን ሳጥን ይጥለዋል። ሳጥኑ ላይ «ውዳቂ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት።

በምዘናው ቀን እናቷ እማማ ደጊቱ ከማሳቸው አንድ ጆንያ ድንች በባጃጅ አስጭነው መጡና ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ። የዘንድሮው መዛኝ አቶ ይኸነው ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ያሳለፉ ቆፍጣና ሰው ናቸው፤ ከተመዛኟና ከእኔ በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዙ።

ማሽኑ ተነሣ። ከመቶ ድንች የሳተው ሦስት ብቻ ነበር። አቶ ይኸነው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደስ ብሎኝ የሞላውን የውዳቂ ሳጥን አንስቼ ቆሻሻ በርሜሉ ላይ ልደፋው ስል፣ አንድ ጠንካራ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«ኧረ በወላዲቷ! ዘሩን ወዴት ነው?»

እማማ ደጊቱ ናቸው። ክልከላውን ጥሰው ገብተው ሳጥኑን ከእጄ ቀሙኝ።

ለካ በአዊ ገበሬ ትልቁን ድንች ይሸጣል፣ ይበላል፤ የእንቁላል ያህሏን ግን መርጦ፣ ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኗ እስኪያቆጠቁጥ ይጠብቃታል። የከርሞው ማሳ እሷ ናት። እኔ ድንች የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው።

አቶ ይኸነው ነገሩን ሰምተው፣ እናቷን ሳያስወጡ ወደ ሰርክአዲስ ዞሩ። «ማሽኑ በንድፉ መሠረት ሠርቷል። አሁን አስረጂኝና እንጨርስ። ላስተካክለው ካልሽ ግን የምመዝነው የተስተካከለውን ነው።»

«ተይ!» አልኳት በሹክሹክታ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

እናቷን አየች። ከዚያ ሳጥኑን አየች። «አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አለች።

ከዕቃ ክፍሉ ሁለተኛ ክንድና ሴንሰር አመጣሁላት። ትልቁ ለገበያ፣ መካከለኛው ለዘር፣ ጠጠር የምታህለዋ ለከብት እንድትሄድ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈች። ብሎን እያቀበልኳት መናደድ ጀመርኩ።

«የገበሬ ልጅ ሆነሽ ይህን ሳታውቂ ቀረሽ?»

«አውቅ ነበር፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ንድፉን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እኛ ቤት የሚሠራው ነገር እዚህ ልክ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

ቁጣዬን ትቼ ቀጣዩን ብሎን አቀበልኳት። በጣም አፈርኩ።

ማሽኑ እንደገና ሲነሣ የመጀመሪያዋ የእንቁላል ያህል ድንች ከትልልቆቹ ጋር አለፈች። ሰርክአዲስ ሴንሰሩን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገችው። ሁለተኛዋ የዘሩ ሳጥን ውስጥ ገባች፤ ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። እማማ ደጊቱ እያንዳንዷን አንስተው፣ አገላብጠው አይተው ይመልሷታል፤ ከእሳቸው የባሰ መዛኝ አላየሁም።

ማስረዳቱ መጣ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሰርክአዲስ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ስለ ሞተሩ፣ ስለ አየር ግፊቱ፣ ዘር ለምን መካከለኛ እንደሚሆን ተናገረች። አንድ ቦታ ስትጠራጠር እናቷን በአገራቸው ቋንቋ በአውንጊ ጠይቃ መልሱን በአማርኛ ቀጠለች።

«የመጀመሪያው ንድፍ የማን ነው?» አሉ አቶ ይኸነው በመጨረሻ።

«የመምህሬ የአቶ ደሴ ነው» አለች፣ በር ላይ ለተሰበሰበው ተማሪ ሁሉ እስኪሰማ። «ስህተት ነበረበት። አርሜዋለሁ።»

ወርክሾፑ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ይኸነውም እየሳቁ «ብቁ» ብለው ፈረሙ። ሃያ ዓመት ሳስተምር ተማሪ በሰው ፊት አርማኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።